የሚጠየቀው ማን ነው? ሚኒስትር ወይስ ሚኒስቴር

ጥያቄ፦ «የምኖረው ለንደን ነው። የአካባቢያችን የፓርላማ ተመራጭ ለመንግሥት የሚያቀርቧቸውን ጥያቄዎች ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለሰፈሬ ኢትዮጵያውያን አካፍላለሁ። በቅርቡ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ‹ተመራጫችን የመከላከያ ጸሐፊውንና የቢዝነስ ሚኒስቴሩን ስለ ሕዝባዊ ፖሊሲ አፋጠጡ።› አንድ አባት አነበቡትና ‹ልጄ፣ ይሄ አማርኛ አልጣመኝም› አሉኝ። ምኑ እንዳልጣማቸው ግን አልነገሩኝም። ስህተቴ የቱ ጋ ነው?»

መልስ፦ አባትየው ልክ ናቸው። እርስዎ ግን አይዘኑ። የጻፉት ዓረፍተ ነገር ዛሬ በየዜናው የምንሰማውን አማርኛ ይመስላል፤ ብቻዎን አይደሉም። ለሰፈርዎ ሰው ብለው የያዙት ሥራም የሚያስመሰግን ነው። ስለዚህ ቃል በቃል እንየው። እኔን ከሁሉ የከነከነኝ «ሚኒስቴሩን» ያሉት ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

ሚኒስትር ሰው ነው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ነው። ሁለቱም ከፈረንሳይኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ እዚያም አንዱ ለሰው፣ ሌላው ለቤቱ ነው። «ሚኒስትር ዴኤታ» ያልነውም ከዚያው ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ንግድና የውጭ ጉዳይ ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ተሰጠ። እንግዳው ቃል ከነባሮቹ ማዕረጎች ጎን ተቀመጠ፣ ከዚያ ወዲያ አብሮን አለ። ከመቶ ዓመት በኋላም ግን ብዙ ሰው «ጠቅላይ ሚኒስቴሩ» ይላል። በአፍ ሲነገር ልዩነቱ አንዲት ድምፅ ናት፤ ማምለጧ አይገርምም። በጽሑፍ ግን ይቅርታ የለውም።

መለያው ቀላል ነው፤ ግሱን ያዳምጡ። አማርኛ ትልቅን ሰው በአክብሮት ያናግራል፣ መሥሪያ ቤትን ግን አያከብርም። «ሚኒስትሩ አስታወቁ» እንላለን፤ «ሚኒስቴሩ አስታወቀ» እንላለን። «ሚኒስቴሩ ገለጹ» የሚል ነገር ካዩ አንዱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ወይ ሰውየውን ሕንፃ አድርገነዋል፣ ወይ ሕንፃውን አንቱ ብለነዋል። ሌላም ልጨምርልዎ። በጥቅምት 2011 ኢንጂነር አይሻ መሐመድ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ ሁላችንም ሳንቸገር «ሚኒስትሯ» አልን። «ሚኒስቴሯ» ያለ አልሰማሁም። ጆሯችን ልዩነቱን ያውቀዋል ማለት ነው፤ የሚዘናጋው ብዕራችን ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 87 ላይ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሰው ሲቪል መሆን አለበት ሲል «ሚኒስትር» ብሎ ነው የጻፈው። ሲቪል የሚሆነው ሰው እንጂ ቤት አይደለምና።

ይህን ያህል የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። እርስዎ የሚተረጉሙት ጥያቄ ነው። ጥያቄ ደግሞ ፊት ይፈልጋል። እዚያው እርስዎ ያሉበት አገር የፓርላማውን የጥያቄ ወረቀት ገልጠው ይዩ። እያንዳንዱ የጽሑፍ ጥያቄ፣ ለምሳሌ «የመከላከያ ሚኒስትሩን ለመጠየቅ» እያለ ነው የሚጀምረው። የሚጠየቀው ባለሥልጣን በማዕረጉ ይጠራል፣ መልሱም በሚመልሰው ሚኒስትር ስም ይወጣል። እርስዎ «ሚኒስቴሩን ጠየቁ» ሲሉ ያ ፊት ይጠፋል። መሥሪያ ቤት ማብራሪያ ሊልክ ይችላል። ተነስቶ መልስ የሚሰጠው ግን ሰው ነው።

እኛም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነበር። በድሮው ችሎት ተሟጋቾች ፊት ለፊት ቆመው «ተጠየቅ»፣ «ልጠየቅ» ይባባሉ ነበር። በላ ልበልሃ ሲባል የምናስበው ያንን ነው። «ተጠየቅ» ትእዛዝ ነው፤ ለአንድ ሰው፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ የሚነገር። ዛሬ «ተጠያቂነት» የምንለው ረጅም ቃል ሥሩ እዚሁ ነው። ቃሉ በየስብሰባው ከመደጋገሙ ብዛት ደነዘዘ እንጂ ፍቺው ያው ነው፤ ሲጠይቁት የሚመልስ ሰው መሆን።

እዚህ ላይ አንድ የሚምታታ ነገር አለ። እርስዎ ባይጠይቁኝም አንድ ቀን ያጋጥምዎታል፦ «ተጠሪ» እና «ተጠያቂ»። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 72 ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ ናቸው። አንቀጽ 12 ላይ ደግሞ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ተጠያቂ ይሆናል። ተጠሪ ሲጠሩት የሚመጣ ነው። ከማን ሥር እንዳለ ይናገራል። ተጠያቂ ሲጠይቁት የሚመልስ ነው። ባጠፋው ልክ የሚመጣበትንም ይቀበላል። አንቀጽ 55 ሁለቱን ሥሮች አንድ ቦታ ያገናኛቸዋል፤ ምክር ቤቱ ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራት ሥልጣን አለው ይላል። መጥራትም መጠየቅም አለ። «ሚኒስትሩ ለፓርላማው ተጠሪ ናቸው» ካሉ መዋቅር እየነገሩን ነው። «ተጠያቂ ናቸው» ካሉ መልስ እየጠበቁ ነው። እንደ ነገሩ ይምረጡ።

አሁን ወደ «ጸሐፊው» እንምጣ። እንግሊዞች የመከላከያውን የበላይ ኃላፊ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ስለሚሉት ነው «ጸሐፊ» ብለው ያወጡት። እንደ ቃሉ ከሆነ ልክ ይመስላል። አንባቢዎ ግን «የመከላከያ ጸሐፊ» ሲል የሚታየው ወረቀት የሚጽፍ፣ ስልክ የሚያነሳ ሠራተኛ ነው። በአማርኛ ያ ሥልጣን ሚኒስትር ይባላል። አሜሪካኖቹንም እንዲሁ ነው የምንላቸው፤ የመከላከያ ሚኒስትር፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር። እዚያው ለንደን ከሴክሬታሪው በታች ያሉትን ደግሞ ሚኒስተር ኦፍ ስቴት ይሏቸዋል። እነሱን ሚኒስትር ዴኤታ ይበሏቸው። ሁሉንም ሚኒስትር ካደረጓቸው ጥያቄው ለበላዩ ይቅረብ ለምክትሉ አንባቢ አይለይም።

«መከላከያ» የሚለው ቃልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ዛሬ «መከላከያ ገባ» ቢባል ሰው የሚገባው ወታደሩ ገባ ብሎ ነው። ቃሉ ሠራዊቱን ራሱን ሆኗል። ስለዚህ ተመራጭዎ ስለ መርከብ ግዢ ወይም ስለ ወታደሮች መኖሪያ ቤት ከጠየቁ «ስለ መከላከያ» ብለው አይለፉት፤ ጉዳዩን ራሱን ይጻፉት።

ቢዝነስን ፈጠን ብዬ ልለፈው። አገር ቤት «ቢዝነስ ሠራ» ማለት ገንዘብ አገኘ ማለት ነው፣ አንዳንዴም አቋራጭ ነገር ይሸተዋል። ለመንግሥት ሥልጣን አይሆንም። ንግድ ይበሉት። አንድ ችግር ግን ይጠብቅዎታል። የእንግሊዙ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሁለቱን ቃል፣ ቢዝነስንም ትሬድንም፣ በስሙ ይዟል። በአማርኛ ሁለቱም ንግድ ናቸው። እኔ ብሆን የመሥሪያ ቤቱን ስም «የንግድ ሚኒስቴር» ብዬ አሳጥረዋለሁ። ልዩነቱ ለጥያቄው የሚያስፈልግ ሲሆን ብቻ «የንግድ ሥራ» እና «የውጭ ንግድ» ብዬ እለያቸዋለሁ።

«ሕዝባዊ ፖሊሲ»ም አይሆንም። ሕዝባዊ ያልነው ከሕዝብ የሚመነጭን፣ ሕዝብ የሚሳተፍበትን ነገር ነው፤ ሕዝባዊ በዓል፣ ሕዝባዊ ሰልፍ። መንግሥት ያወጣው ፖሊሲ የመንግሥት ፖሊሲ ነው። ሕዝባዊ ካሉት ጥያቄው ራሱ አቅጣጫውን ይስታል፤ ፖሊሲውን ያወጣው ሕዝቡ ከሆነ ሚኒስትሩን ምን አገባቸው?

የቀረን «አፋጠጡ» ነው። ይህን ቃል እወደዋለሁ፤ ለዚህም ነው በየቦታው ሲበተን የሚያሳዝነኝ። ፈጠጠ ከሚለው የመጣ ነው። ዓይን ይፈጣል፣ ሰው ያፈጣል፣ ሁለት ሰዎች ይፋጠጣሉ። አፋጠጠ ማለት ማምለጫ የሌለበት ቦታ አቁሞ ዓይን ለዓይን አጋጠመ ማለት ነው። ምስክርን ከተከሳሽ ጋር ያፋጥጡታል። በማስረጃ ያፋጥጡታል። እንግዲህ ራስዎን ይጠይቁ፤ ተመራጭዎ ምን አደረጉ? አንድ ጥያቄ አንብበው ከተቀመጡ አላፋጠጡም፤ ጥያቄ አቀረቡ። ሚኒስትሩ ሸሽተው ሲመልሱ «ያ አይደለም የጠየቅኩት» ብለው ከተመለሱባቸው፣ ባለፈው ወር የሰጡትን ቃል አውጥተው ካነበቡላቸው፣ አዎ አፋጠጡ። ሚኒስትሩም በተራቸው ተከራክረው ነገሩ ከሄደና ከመጣ «ተሟገቱ» ይሻላል፣ ሙግት ሁለት ወገን ይፈልጋልና። ቡና ላይ ለጓደኛዎ ሲያወሩት «ወጥረው ያዟቸው» ቢሉ ደስ ይላል። ለሰፈር ማስታወቂያ ግን አልመክርዎትም።

ሁሉም ቦታ «ጠየቁ» ብቻ ማለትም አያዋጣም። ጠየቀ ብዙ ይሸከማል። ፈቃድ ይጠየቃል፣ የታመመም ይጠየቃል። «ተመራጫችን ሚኒስትሩን ሊጠይቁ ሄዱ» ቢሉ እናቴ «ምን አገኛቸው?» ነበር የምትለው። «ጥያቄ አቀረቡላቸው» ግልጽ ነው። «ማብራሪያ ጠየቁ» የሚለውን ግን ይጠንቀቁበት። ያለስልሳል። ጥያቄው «ለምን ቃልዎን አልጠበቁም?» ከሆነ ያ ማብራሪያ መጠየቅ አይደለም።

አንድ ነገር ሳልነግርዎ ብቀር ይቆጨኛል። በእንግሊዝ ምክር ቤት አባላት በቀጥታ አይነጋገሩም። ንግግሩ ሁሉ ለአፈ ጉባኤው ነው። ሚኒስትሩን «እርስዎ» አይሏቸውም፤ «እርስዎ» ካሉ አፈ ጉባኤውን ማለታቸው ነው። እኛም ጋ አባላት «አመሰግናለሁ፣ ክቡር አፈ ጉባኤ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ እንግሊዝኛው «ሚኒስትሩ ይነግሩናል ወይ?» እያለ በሦስተኛ ሰው ሲጠይቅ እንግዳ ሆኖብዎት ወደ «እርስዎ» አይመልሱት። አማርኛ እዚህ ላይ ያለ ምንም ድካም ያግዝዎታል። «ይንገሩን» የሚለውን ይመልከቱት። «እርስዎ ይንገሩን» ይሆናል፤ «እሳቸው ይንገሩን»ም ይሆናል። አንዲት ቃል ናት፣ ሁለቱንም ሰው ታከብራለች። «ሚኒስትሩ ይንገሩን» ብለው ሲጽፉ የምክር ቤቱንም ሥርዓት ጠበቁ፣ አማርኛውም አልጎረበጠም። ሌላው ቋንቋ በምክር ቤት ደንብ አስገድዶ የሚያመጣውን ጨዋነት የእኛው ግስ በተፈጥሮው ይዞታል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስታ ይሰማኛል።

እንግዲህ ተመራጭዎ በእርግጥ ተከታይ ጥያቄ አንስተው ከሆነ፣ ጉዳዮቹም የወታደሮች መኖሪያና የአነስተኛ ነጋዴዎች ግብር ናቸው ብንል፣ እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«የፓርላማ ተመራጫችን ስለ ወታደሮች መኖሪያ ቤት ለመከላከያ ሚኒስትሩ፣ መንግሥት በአነስተኛ ነጋዴዎች ግብር ላይ ስለያዘው ፖሊሲ ደግሞ ለንግድ ሚኒስትሩ ጥያቄ አቀረቡ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ቀኑን ሳይናገሩ ሲቀመጡ ተመልሰው ተነሱና ‹ሚኒስትሩ ቀኑን ይንገሩን› ሲሉ አፋጠጧቸው።»

ለእኚያ አባት ያንብቡላቸውና የሚሉትን ይጻፉልኝ።