እጩ ሆኜ ባላሸንፍስ ላልሽኝ ልጅ

ሰሞኑን አንዲት የሐረር ልጅ ደወለችልኝ። አጭር ፊልሟ ለሽልማት ታጭቷል። «ጋሼ፣ እጩ ሆኜ ባላሸንፍስ? ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ። እንኳን ደስ አለሽ ብዬ በቀልድ አለፍኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ካሜራ ተሸክማችሁ ለምትሯሯጡትም ይችን ጻፍኩ።

እኔ የድምፅ ሰው ነበርኩ። ቡም፣ ማለትም ማይክ የታሰረበትን ረጅም ዘንግ ይዤ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ነው ያረጀሁት። አንድ ጊዜ ጀጎል ውስጥ የንጉሡን ዘመን ታሪክ እንቀርጽ ነበር። ቦታው መኪና ግርግር አጠገብ ነው። ሐረርን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ቀኑን ሙሉ መኪናቸውን ያንጣጣሉ። ተዋናይዋ በሹክሹክታ ታወራለች፣ እኔ ጆሮ የሚገባው ግን የስፌት መኪና ብቻ ነው።

ልለምናቸው ሄድኩ። ሃጂ የምንላቸው ሽማግሌ እግራቸውን ከመርገጫው ሳያነሱ «አቦ! ለናንተ ዝም ስል የኔን ደንበኛ ማን ሊያለብስልኝ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው ተዋናዩን አዩት። «ይሄ ነው የጃንሆይ ጊዜ ሰው? ያኔ ኮሌታ እንዲህ አይሰፋም ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ልብሱ ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ቦንዳ ነበር። ዳይሬክተሩ ሰምቶ አላኮረፈም፤ ይሄን አደንቅለታለሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሃጂ የፊልሙ ልብስ ሰፊ ሆኑ። ቀን እኛ ስንቀርጽ መኪናቸውን ያቆማሉ፣ ጎረቤቶቻቸውንም ያስቆማሉ፤ ማታ ይሰፋሉ። የወጣትነት ፎቶግራፋቸውን ከቤት አምጥተው ኮቱ ስንት ቁልፍ እንደነበረው፣ ሱሪው ታች ላይ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ያሳዩናል። አንድ የፖሊስ ደንብ ልብስ ሰፍተው ሲጨርሱ «በጣም አዲስ ነው፣ ይዋሻል» አሉ። ወፍራም ሻይ አፍልተው ነከሩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ የኪሱን አፍና ክርኑን በድንጋይ አሹት። ተዋናዩ ሲለብሰው ትከሻው ራሱ ወደቀ። ትወናው የተስተካከለው ያን ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ፊልሙ በዓመቱ ለሽልማት ታጨ። በአልባሳትም፣ በእኔ በድምፅም። ሥነ ሥርዓቱ አዲስ አበባ ነው፤ እኔ ሌላ ሥራ ይዞኝ ሐረር ቀረሁ። ማታ ሃጂ ሱቅ ውስጥ ቴሌቪዥን ከፍተን ሰፈሩ ተሰበሰበ። በምርጥ አልባሳት የፊልማችን ስም ሲጠራ ሱቁ በጩኸት ተናጋ። ወዲያው የአሸናፊው ስም ተነበበ። የሃጂ አይደለም። ከፕሮዳክሽኑ ቢሮ የሆነ፣ ክር ሲያስገባ ያላየነው ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ቤተሰቡን አመሰገነ።

ሁላችንም ወደ ሃጂ ዞርን። እሳቸው ከጀርባ የሚታየውን የፊልሙን ቁራጭ እያዩ ነው። «የግራው እጅጌ አጥሯል» አሉ። «ነግሬው ነበር፣ ልጁ እጁን ሲያነሳ ይሰበሰባል።» ሌላ ቃል አልወጣቸውም። በድምፅ እንዳላሸነፍኩ እንኳ የሰማሁት በማግስቱ ነው።

በኋላ ብንጠይቅ መልሱ አጭር ነበር። በፊልሙ የስም ዝርዝር ላይ የሌለ ሰው አይታጭም። ዝርዝሩ ላይ ያለው ደግሞ «ለተባበሩን የሐረር ነዋሪዎች ምስጋናችን ይድረስ» ነው። ዳኞቹ ምን ያድርጉ? የሚያዩት የተላከላቸውን ፊልምና ቅጽ ነው። ሃጂ ካረፉ ቆዩ። ቁጭቱ እኔ ጋ ቀረ።

እንግዲህ ባላሸንፍስ ላልሽው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ልንገርሽ። ኦስካር በ1929 ሲጀመር ለልብስ ሰሪ ሽልማት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የመጣው በ1949 ነው። አሜሪካዊቷ የፊልም ልብስ ሠሪ ሩት ካርተር በ1993 ታጨች፣ አልሆነም። በ1998 ታጨች፣ አልሆነም። ያሸነፈችው በ2019 ነው፣ በ2023 ደገመችው። በመሃል ስታለቅስ አልተቀመጠችም፣ ስታለብስ ነበር። የእኛው ኃይሌ ገሪማም «ጤዛ» የተባለውን ፊልሙን ለመጨረስ ስንት ዓመት ተንከራትቷል። በ2008 ከቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ፌስፓኮ ከሚባለው የዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ይዞ ተመለሰ። በነገራችን ላይ ኦስካሮች በ2021 ሁለቱን የድምፅ ሽልማቶች አንድ አድርገዋቸዋል። አንድ የድምፅ ሰው መድረክ አጣ ማለት ነው፤ እስካሁን አልተዋጠልኝም።

የዛሬ ልጆች ላይ አንድ ነገር ያናድደኛል። ፊልሙ ሳያልቅ ፖስተሩ ይለጠፋል፣ «ድምፅ ስጡኝ» ብሎ መለመን ይጀመራል፣ ለቀይ ምንጣፉ ፎቶ ልምምድ ይደረጋል። ቡም የያዘውን ልጅ ስሙን ጠይቋቸው፤ «ያ ረጅሙ» ይሏችኋል። ሽልማት ይሄን ያህል ቦታ ሊሰጠው አይገባም እላለሁ። ይሄን የሚለው ሰውዬ የእጩነት ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ሳሎን የሰቀለ መሆኑን ባለቤቴ እንድጨምር አዝዛኛለች። ጨመርኩ።

ጠንክሩ፣ አንብቡ ምናምን አልላችሁም፤ ሰልችቷችኋል። ቀረጻ በተጀመረበት ቀን ግን ደብተር ያዙ። ልብስ የሰፋውን፣ ቤቱን የለቀቀላችሁን፣ ጀነሬተር የጠበቀውን ከነአባቱ ስም ጻፉ፤ ምን እንደሠራም አጠገቡ ይግባ። ዝርዝሩ ለኤዲተሩ ሲሰጥ እናንተው ቁማችሁ አስነብቡት። ለሽልማት ስትልኩም ቅጹን ሌላ ሰው አይሙላላችሁ።

አንቺ ደግሞ ለዚያ ምሽት ልብስ ካስፈለገሽ ከቦሌ ቡቲክ አትከራዪ። መኪና ግርግር ሂጂ፣ የሃጂ ልጅ ሱቁን ይዞታል። ክር ተወዷል ብሎ ዋጋ ይሰቅልብሻል። ተከራከሪው፤ ሦስት ጊዜ ልለካ ቢልሽ ግን አትነጫነጪ።