«ፓርቲ» ወይስ «ወገን»? የጄፈርሰንን ዓረፍተ ነገር ለሚተረጉሙ ጠያቂ

ጥያቄ፦ ስለ አሜሪካ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቶች አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። የ1790ዎቹን ተቀናቃኞች «ወገን» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ ሁሉንም ሰርዞ «ፓርቲ» አደረገው። ጓደኛዬ ደግሞ «አንጃ ነው የሚባለው» አለኝ። ማናችን ነን ልክ? ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን «ሁላችንም ሪፐብሊካን ነን፤ ሁላችንም ፌዴራሊስት ነን» ማለቱም ግራ አጋብቶኛል። ሪፐብሊካኖች ያኔም ነበሩ እንዴ?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት ልክ፤ ቢያንስ ለ1790ዎቹ። ለ«ወገን» ስከራከር ብዙ ዘመን ሆኖኛልና ዛሬ ትንሽ ላስረዝም ነው።

በ1787 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የተረቀቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፓርቲ የሚባል ነገር አያነሳም። ሰዎቹ ነገሩን ይፈሩት ነበር። ዋሽንግተን በ1796 ባሳተመው የስንብት ጽሑፉ ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነው። ጄፈርሰን ራሱ በ1789 ለአንድ ወዳጁ ሲጽፍ፣ መንግሥተ ሰማያት የምገባው ከወገን ጋር ካልሆነ በቀር አይቻልም ከተባልኩ ጭራሽ አልገባም ብሏል። እስቲ እዚህ ላይ «ፓርቲ» ያስገቡበት። የዛሬ አንባቢ ፓርቲ ሲባል ጽሕፈት ቤት፣ ማኅተም፣ የአባልነት መታወቂያ፣ የምርጫ ምልክት ነው የሚታየው። ያኔ ከዚህ አንዱም አልነበረም። የነበረው በገንዘብ ሚኒስትሩ በሃሚልተን ብሔራዊ ባንክና በፈረንሳይ አብዮት ጉዳይ ለሁለት፣ ፌዴራሊስት በሚባሉት የሃሚልተን ሰዎችና ሪፐብሊካን በሚባሉት የጄፈርሰን ሰዎች፣ የተከፈለ ኮንግረስ፣ ለየጎራው የሚጽፉ ጋዜጦች፣ የደብዳቤ ልውውጥ፣ አብሮ ራት መብላት ነው። ይህ በአማርኛ ወገን ነው።

«ፓርቲ» ራሱ ከየት መጣ? ከላቲን «ፓርስ» ነው፤ ክፍል ማለት ነው፤ በፈረንሳይኛ አድርጎ እንግሊዝኛ ገባ። የእኛም «ወገን» መነሻ ሐሳቡ ያው ነው። «በአንድ ወገን፣ በሌላ ወገን» ስንል የነገሩን ክፍል ወይም ጎን ማለታችን ነው። ከዚያ «ወገነ» አለ፤ ከዚያ «ወገንተኛ» አለ። ፓርቲ ከሚለው ቃል ግን በአማርኛ ግስ ወጥቶ አያውቅም። ማንም «ፓረተ» አይልም፤ ፓርቲ የያዘውም ሰው «ወገነ» ነው የሚባለው።

ይህን ስናገር ሁልጊዜ አንድ መልስ ይመጣብኛል። «ወገን የዝምድና ቃል ነው፤ ፖለቲካ ውስጥ ካስገባኸው የዘር ሽታ ያመጣል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ «የወገን ያለህ!» ብሎ የሚጮህ ሰው የሚጠራው የራሱን ሰው ነው። ግን እነዚሁ ተከራካሪዎቼ መኪናቸውን ኢንሹራንስ ሲያስገቡ ምን ብለው ይፈርማሉ? «ሦስተኛ ወገን» ብለው። ፍርድ ቤት ሲቆሙ «ተከራካሪ ወገኖች»፣ ቤት ሲያከራዩ «ተዋዋይ ወገኖች» ናቸው። እዚያ ላይ ማን ከማን ይዛመዳል? እንግሊዝኛው በሦስቱም ቦታ የሚጠቀመው ያንኑ «ፓርቲ» የሚለውን ቃል ነው። የሕግ ሰዎቻችን ተርጉመውታል፤ ቃሉ ዝግጁ ነው።

እዚህ ላይ ከመንገድ ልውጣ። ጽሑፍዎ ውስጥ «ሕዝባዊ» የሚል ቃል መኖሩ አይቀርም። የእኛ «ሕዝብ» እና የዐረብኛው «ሒዝብ» ሥረ ቃላቸው አንድ ነው፤ ዐረቦቹ ግን የፖለቲካ ፓርቲ የሚሉት በዚሁ ቃል ነው። እኛ ጋ ሁሉም ሰው፣ እነሱ ጋ አንድ ወገን። የግእዙ ብዙ ቁጥር «አሕዛብ» ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ከውጭ የቀሩት ናቸው። ስለዚህ ሕዝብ የሚለው ቃል ራሱ ማን ውስጥ፣ ማን ውጭ የሚል አጥር አለበት። በአሜሪካም እንዲሁ ነበር። ኒው ጀርሲ ንብረት ላላቸው ሴቶች የነበራቸውን የመምረጥ መብት በ1807 ነጠቀች። ኒው ዮርክ በ1821 ለነጭ ወንዶች የንብረቱን መስፈርት ስታነሳ ጥቁሮችን ግን 250 ዶላር የሚያወጣ ንብረት አምጡ አለች። ያንን ዘመን «ሕዝቡ መረጠ» ብለው ሲተረጉሙ አንድ የማብራሪያ ቃል ጣል ያድርጉበት።

«አንጃ»ን በተመለከተ ጓደኛዎ አልተሳሳተም፣ ቦታ ነው የሳተው። በእኛው አብዮት ዘመን አንጃ ይባል የነበረው ከአንድ ድርጅት ውስጥ ተሰንጥቆ የወጣ ነው፤ ስድብም ነበር። ሃሚልተንና ጄፈርሰን ግን ከምንም አልተሰነጠቁም፤ የሚሰነጠቅ ድርጅት ገና አልነበረም። ቃሉን ከያዙት በ1806 ገደማ ከጄፈርሰን ሰዎች አፈንግጦ ለወጣው ለቨርጂንያው ጆን ራንዶልፍ ቡድን ያስቀምጡት። እዚያ ልክ ይገባል።

አሁን ወደ ከባዱ ዓረፍተ ነገር። ቀኑ ማርች 4፣ 1801 ነው። ጄፈርሰንና አብሮት የተወዳደረው አሮን በር እኩል 73 የመራጭ ወኪሎች ድምፅ አግኝተው የተወካዮች ምክር ቤት 36 ጊዜ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ነው ሰውየው ሥልጣን የያዘው። የበዓለ ሢመት ንግግሩን በእጁ ሲጽፍ «ሪፐብሊካን»ም «ፌዴራሊስት»ም በትንሽ ፊደል ነው የጀመራቸው። የወገን ስም አላደረጋቸውም፤ ሁላችንም ንጉሥ የሌለበትን መንግሥት እንወዳለን፣ ሁላችንም የክልሎቹን ኅብረት እንደግፋለን ማለቱ ነው። ጋዜጦች ግን በትልቅ ፊደል አተሙት። ወዲያው ሁለቱ ተፋላሚዎች ታረቁ የሚል መልእክት ሆነ።

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። «ሪፐብሊካን» ብለን ከተውነው የጋዜጦቹን ትርጉም መርጠናል ማለት ነው፤ ሳናውቀው። ይባስ ብሎ አንባቢው የዛሬውን ሪፐብሊካን ፓርቲ ያስባል። ያ በ1854 የተመሠረተ ሌላ ድርጅት ነው። የጄፈርሰን ሰዎች ራሳቸውን ሪፐብሊካን ይሉ ነበር፤ «ዴሞክራት» ተቀናቃኞቻቸው እንደ ስድብ ይወረውሩባቸው የነበረ ቃል ነው፤ የዛሬው ዴሞክራቲክ ፓርቲ ግን የዘር ሐረጉን የሚቆጥረው ከእነዚሁ ከጄፈርሰን ሰዎች ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን «ሁላችንም ሪፐብሊክ ወዳዶች ነን፤ ሁላችንም የፌዴሬሽኑ ደጋፊዎች ነን» እል ነበር። ይረዝማል፣ አውቃለሁ። ግን ሰውየው በእጁ የጻፈው ይህንን ነው።

ለአርታኢዎም የሚሰጠው ነገር አለ። ዛሬ «ገዢ ወገን» የሚል ሰው የለም፤ «ገዢ ፓርቲ» ነው የምንለው። ያንን ክርክር ተሸንፌያለሁ፤ ጋዜጣውም ሬዲዮውም ሕጉም ፓርቲ ብሏል። ባይዋጥልኝም መቀበል አለብኝ። አሜሪካኖቹም ጋ ቢሆን ነገሩ ተቀይሯል። በ1828 አንድሩ ጃክሰን የፕሬዚዳንት ምርጫውን ሲያሸንፍ ከጀርባው በየክፍለ ግዛቱ ኮሚቴ፣ ጋዜጣና ሰልፍ ያደራጀ ኃይል ነበረ፤ በ1832 ደግሞ ሰዎቹ ባልቲሞር ላይ ብሔራዊ ጉባኤ ጠርተው ቫን ቢዩረንን ለምክትል ፕሬዚዳንትነት አጩ። ጉባኤ ያለው፣ እጩ የሚያቀርብ፣ ከሰዎቹ ዕድሜ በላይ የሚኖር ነገር ፓርቲ ነው። እንግዲህ ትርጉምዎ ጃክሰን ላይ እስኪደርስ «ወገን»ዎን አይልቀቁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እንደ አርታኢዎ ያድርጉት።