መልስ፦ የወንድ ዘር ፈሳሹ ተመልሶ ቢወጣም አትስጊ

እህቴ፣ ከግንኙነት በኋላ ፈሳሹ ስለሚወጣ «ማህፀኔ ዘሩን አልቀበል ብሎ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም፣ አይዞሽ። ጠንካሮቹ የዘር ሴሎች በደቂቃዎች ውስጥ የማህፀን በር ንፍጥ ውስጥ ይገባሉ። ማህፀንም እየተኮማተረ ወደ ላይ ይገፋቸዋል።

እውነት ነው፣ የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ሁሉንም ዝም ብሎ አያሳልፍም። ነጭ የደም ሴሎች ይመጡና የሞቱትንና የደከሙትን ጠራርገው ይበላሉ። ይሄ ጤናማ ነው። ከሚሊዮኖቹ የማህፀን ቱቦ የሚደርሱት በመቶዎች ቢቆጠሩ ነው። እነሱም ቱቦው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው እንቁላሏን ይጠብቃሉ፤ የወንድ ዘር እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል።

ጎረቤትሽ እንዳለችሽ እግርን ወደ ላይ መስቀል አያስፈልግም። ውስጥሽን መታጠብ ግን ተዪ። ዓመት ሞክራችሁ ካላረገዝሽ ተመርመሩ፤ ከ35 በላይ ከሆንሽ ከ6 ወር በኋላ። እዚህ ለገጣፎ ሴቷ ብቻዋን ጤና ጣቢያ ስትመላለስ አያለሁ፣ ያንገበግበኛል። የባልሽ የዘር ምርመራ ቀላል ነው፤ አብራችሁ ሂዱ።