ደጅ ጥናት አይደለም

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ ያገኛችሁኝ አራታችሁ ይህን እንደምታነቡት አውቃለሁ። «ፎርም የምንሞላ ሰዎች ማኅበር ልናቋቁም ነው፤ መንግሥት ዘንድ እንዴት ነው የሚገባው?» አላችሁኝ። ሰው ስለበዛ በቅጡ አልመለስኩላችሁም። የዲቪና የካናዳ ፎርም እየሞላችሁ የምትኖሩ ሌሎችም ስላላችሁ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ቶሮንቶ ውስጥ ፈቃድ ያለኝ የኢሚግሬሽን አማካሪ ነበርኩ። ጉልበቴን የጨረስኩት እዚያ ነው።

እኛ ጎንደሬዎች መንግሥት ዘንድ መግባት ሲባል ቶሎ የሚታየን ደጅ መጥናት ነው። ጌታው እስኪወጣ መቆም፣ ሲወጣ እጅ መንሳት። ባለሥልጣንን የማግባባት ሥራ የሚጠራበት ሎቢ የሚለው የፈረንጅ ቃልም ሥሩ ከዚህ አይርቅም። የሕንፃ መግቢያ አዳራሽ ማለት ነው፤ ሰው የምክር ቤት አባሉን ጠብቆ የሚያናግርበት። ልዩነቱ ይዘኸው የምትገባው ነገር ላይ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። መጀመሪያ የካናዳ መንግሥት ዘንድ አቤት ልንል ኦታዋ ስንሄድ ሦስት ነበርን። ከረባት አስረን፣ አሥራ ሁለት ገጽ አቤቱታ ይዘን። «ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች እንጀራችንን ወሰዱብን» የሚል ነው ባጭሩ። የተቀበለችን የልጄ እኩያ የሆነች ረዳት ናት። በትዕግሥት ሰማችንና «የትኛው አንቀጽ ይቀየር? በምን ቃል?» አለች። እርስ በርስ ተያየን። ሃያ ደቂቃችን አለቀ።

ችግሩ ግን እውነተኛ ነበር። ካናዳ በ2004 በእነሱ አቆጣጠር አማካሪዎችን በፈቃድ ማሠራት ጀመረች። ሕጉ ቀዳዳ ነበረበት። የሚሠራው ማመልከቻው መንግሥት እጅ ከገባ በኋላ ነው ተብሎ ተተረጎመ። ስለዚህ ደላላው ፎርሙን ይሞላል፣ ዶላሩን ይቀበላል፣ ከዚያ ባለጉዳዩን «አንተው ፈርም፣ አንተው ላክ» ይለዋል። ወረቀቱ ላይ የደላላው ስም የለም። እንዲህ ያለውን የማይታይ ደላላ ጣረ ሞት ነበር የምንለው። ጉዳዩ ሲበላሽ ተጠያቂው ያ ምስኪን ብቻ ነው። በ2011 ሕጉ ሲሻሻል ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት የሚሰጥ ምክርም ተካተተ። አያችሁ፣ ነገሩ ያለው ጥቂት ቃላት ላይ ነው። እኛ ግን ስለ እንጀራችን ነበር ያወራነው።

ስለዚህ ፋይል ያዙ። የተጎዳው ሰው መቼ መጣ፣ ስንት ከፈለ፣ ፎርሙ ላይ ምን ተጻፈለት፣ መጨረሻው ምን ሆነ። ስሙን ሸፍኑት። እንዲህ ያለ አንድ ፋይል ከአሥራ ሁለት ገጽ እሮሮ ይበልጣል። ባለሥልጣኑ የሚያጣውም እንዲህ ያለውን ፋይል ነው፤ ቢሮው ተቀምጦ የሕዝቡን ጉዳት አያየውም።

ፈቃድ የሚሰጠውን ተቆጣጣሪና ማኅበርን ደግሞ አታደባልቁ። እዚያ አገር ካፒክ የሚባለው የአማካሪዎች ማኅበር በ2005 የተቋቋመው ከተቆጣጣሪው ተለይቶ ነው። ማኅበሩ ስለ አባላቱ ይናገራል፤ ተቆጣጣሪው ሕዝቡን ይጠብቃል። ተቆጣጣሪው ሲደክም መዘዙ ለሁሉም ይተርፋል። በ2017 የፓርላማው ኮሚቴ አማካሪዎች ራሳቸውን መቆጣጠራቸው ይቅር፣ መንግሥት ይረከበው እስከ ማለት ደርሶ ነበር። በ2019 ሌላ ሕግ ወጣ፤ አሁን ያለው ተቆጣጣሪ፣ ስሙ ኮሌጅ ቢሆንም ትምህርት ቤት ያልሆነው፣ በኅዳር 2021 ሥራ ጀመረ። ሦስተኛው ተቆጣጣሪ መሆኑ ነው።

ግብዣ የማግባባት ሥራ የሚመስለው ልጅ ከመካከላችሁ አለ። ራሱን ያውቃል። ካናዳ ውስጥ ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው በመዝገብ ይገባል። ቀጠሮ ይዞ ከፍተኛ ባለሥልጣን ካነጋገረ፣ ማንን በምን ጉዳይ እንዳነጋገረ እስከሚቀጥለው ወር 15ኛ ቀን ያሳውቃል። መዝገቡን የፈለገ ሁሉ ያየዋል። በክትፎ የተገኘ ውለታ እዚያ መዝገብ ላይ ሲጻፍ አስቡት!

እኛም አገር በር አለ። በእኛ አቆጣጠር በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሙያ ማኅበራትንም ይመለከታል፤ ከሥራቸው ጋር የተያያዘ ሕግ እንዲሻሻል ሐሳብ ማቅረብ ይፈቅድላቸዋል። ይህን ያዙት።

በሩ ላይ የሚጠብቃችሁ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ዲቪ ሞልቶ፣ የሰውየውን ውጤት የሚታይበትን የማረጋገጫ ቁጥር እጁ ላይ የሚያስቀር አለ። ዕጣው ሲወጣ «ይህን ያህል ካላመጣህ አልሰጥህም» ይላል። «ይህችን ልጅ ሚስት አድርገህ ውሰድ» የሚልም አይጠፋም። ባለሥልጣኑ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ስለዚህ ነው። እኔ ብሆን ሕግ ይሻሻል ከማለቴ በፊት ለአባላቱ ደንብ አወጣለሁ፤ ቁጥሩ በዚያው ቀን፣ በወረቀት፣ ለባለቤቱ። ያላከበረ ይወጣል። አባል ይቀንስባችኋል፣ ይቀንስ።

የምትፈልጉትን በአንድ ገጽ ጻፉና ቅዳሜ አምጡልኝ፤ እዚያው ነኝ። መሳቢያችሁ ውስጥ የሰው ቁጥር ያለባችሁ ካላችሁ ግን ዓርብ መልሱለት።