ከድልድዩ በፊት ቆሜ መንገድ በመዝጋቴ ጥፋተኛ ነኝ?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ስምንት ወሬ ነው። ባለፈው ወር ኮንቴይነር ጭኜ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ስገባ፣ የስልኬ ጂፒኤስ 12 ጫማ ከ6 ኢንች የሚል ምልክት ወዳለበት የባቡር ድልድይ አደረሰኝ። ተጠራጥሬ ቆምኩ። ፖሊስ መጥቶ ወደ ኋላ እስኪያስወጣኝ ድረስ መንገዱ ተዘጋ። አለቃዬ ጭነቱ ዘገየ ብሎ ተቆጣኝ፤ የቆዩ ሹፌሮች ደግሞ «ምልክቱ ሁልጊዜ ጥቂት ኢንች ቀንሶ ነው የሚጻፈው፤ ቀስ ብለህ ብትገባ ታልፍ ነበር» አሉኝ። ማንን ልስማ?
አንባቢያችሁ፣ ከዳላስ

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ መቆምዎ ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ደብዳቤዎን ስናነብ ዋናውን ቁጥር አጣን፤ የመኪናዎን ከፍታ አልነገሩንም። መደበኛው ኮንቴይነር ራሱ 8 ጫማ ከ6 ኢንች ሲሆን፣ ረጅሙ ዓይነት 9 ጫማ ከ6 ኢንች ነው። ኮንቴይነሮቹ ተሳቢው ላይ የሚያርፉበት ቦታ ከመሬት 4 ጫማ ያህል ስለሚርቅ፣ የመጀመሪያው ወደ 12 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ሁለተኛው ወደ 13 ጫማ ከ6 ኢንች (4.11 ሜትር) ይደርሳል። የጫኑት ረጅሙን ከሆነ አንድ ጫማ ሙሉ ያጥርዎት ነበር፤ መደበኛው ቢሆን እንኳ ከምልክቱ ቁጥር ጋር እኩል ለእኩል ነበሩ። ትናንት መደበኛውን ጭነው ባለፉበት ድልድይ ዛሬ በዚያው መኪና ረጅሙን ጭነው ማለፍ የማይችሉበት ምክንያትም ይኸው ነው።

የባልደረቦችዎ ምክር ከፊል እውነት ስላለው ይበልጥ ያሳስበናል። አንዳንድ ምልክት በርግጥ ጥቂት ኢንች ቀንሶ ይጻፋል፤ ነገር ግን የትኛው እንደሆነ ከመሪው ኋላ ሆኖ ማወቅ አይቻልም፤ ምልክቱ ከተተከለ በኋላም በመንገዱ ላይ አዲስ አስፋልት ሊደረብ ወይም በረዶ ሊጋገር ይችላል። በሰሜን ካሮላይና ዱራም ከተማ የሚገኘው የባቡር ድልድይ 11 ጫማ ከ8 ኢንች የሚል ምልክት ይዞ ለብዙ ዓመታት የጭነት መኪኖችን ጣሪያ ሲገሽልጥ ኖሯል። በ2016 እ.ኤ.አ. ከፍ ያለ መኪና ሲመጣ በመለኪያ መሣሪያ ለይቶ ቀይ የሚያበራ የትራፊክ መብራትና «መታጠፍ አለብዎ» የሚል የሚበራ ጽሑፍ ተተከለ፤ ግጭቱ ግን አልቆመም። ከመንገዱ ሥር ትልቅ የፍሳሽ መስመር ስላለ መሬቱን ዝቅ ማድረግ አልተቻለምና በ2019 ድልድዩ ራሱ በ8 ኢንች ከፍ ተደረገ። ዛሬም 12 ጫማ ከ4 ኢንች ብቻ ስለሆነ መደበኛ ተሳቢ አያሳልፍም።

ስለዚህ ከፍታዎን ራስዎ ይለኩ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ከመሬት እስከ ከፍተኛው ነጥብ ይለኩ፤ ይህ ነጥብ የኮንቴይነሩ ጣሪያ ብቻ ሳይሆን የጭስ ማውጫው ወይም የማቀዝቀዣው ሞተር ሊሆን ይችላል። ጭነት ሲራገፍ ባልስትራው ስለሚላቀቅ ባዶ ተሳቢ ከፍ ይላል፤ ጭነው ያለፉበትን ድልድይ ባዶውን ሲመለሱ አይመኑት። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው መሪው አጠገብ ይለጥፉት፤ ጭነት በተቀየረ ቁጥርም ያድሱት።

የስልክ ጂፒኤስ የተሠራው ለቤት መኪና ነው፤ ከፍታዎን አይጠይቅም። በ2010 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት ሲራኪዩስ አጠገብ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ መንገድ ስቶ ከፍታው 10 ጫማ ከ9 ኢንች ከሆነ የባቡር ድልድይ ጋር ተጋጭቶ አራት ተሳፋሪዎች ሞተዋል። የመኪናዎን ከፍታና ክብደት የሚያስገቡበት ለከባድ መኪና የተዘጋጀ ጂፒኤስ ይግዙ፤ ዝቅተኛ ድልድዮችን የሚዘረዝር የአሽከርካሪዎች አትላስም ይያዙ። ትልልቆቹ የኢንተርስቴት መንገዶች በአብዛኛው አያሰጉም፤ አደጋው ከመውጫው እስከ ማራገፊያው ባሉት የመጨረሻ ጥቂት ማይሎች ላይ ነው። ለቤት መኪና ተብለው የተሠሩትንና ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ድልድይ ያለባቸውን «ፓርክዌይ» የሚባሉትን መንገዶችም ይጠንቀቁ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ የጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ለጭነት መኪና የተከለከለ ነው።

ቁጥሩ በቂ መስሎ ሳለ የሚያታልሉ ድልድዮችም አሉ። ቅስት የሆነ ድልድይ መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ተሳቢው ጥጉን ይዞ ሲያልፍ ጣሪያው ሊነካ ይችላል። መንገዱ ድልድዩ ሥር ጎድጎድ ካለ ደግሞ፣ የፊትና የኋላ ጎማዎች ከፍ ባለው ቦታ ላይ ስለሚሆኑ የረጅም ተሳቢ ወገብ ወደ ድልድዩ ይጠጋል። አገር ቤት ቢሆን ረዳቱ ወርዶ አይቶ «ና፣ ና» ይል ነበር፤ እዚያ ብቻዎን ስለሆኑ፣ ሲጠራጠሩ የአደጋ ጊዜ መብራት አብርተው በሩቁ ይቁሙ፤ ወርደው ይመልከቱ፤ እንዳደረጉትም ፖሊስ ጠርተው በእርሱ እርዳታ ወደ ኋላ ይውጡ። የምልክቱን ፎቶ አንሥተው ለአለቃዎ ይላኩ። ጭነት ቢዘገይ ሰዓት ነው የሚባክነው፤ ድልድይ ቢመታ ግን ቅጣቱ የሚጻፈው በአሽከርካሪው ስም ነው።

እግዚአብሔር አያድርገውና የባቡር ድልድይ ከመቱ፣ መኪናውን ለማላቀቅ ከመታገልዎ በፊት 911 ይደውሉ፤ ድልድዩ ላይ የባቡር ድርጅቱ ስልክና የድልድዩ መለያ ቁጥር ተለጥፎ ካዩም ወዲያውኑ ለእነርሱ ያሳውቁ፤ ሐዲዱ ከቦታው ተንሸራቶ እንደሆነ ሳይመረመር ባቡር ሊመጣበት ይችላልና።