«ተረጋገጠ» ወይስ «ውድቅ አላደረግነውም»? የመተማመኛ ክልልና የመላምት ፍተሻ በአማርኛ

ጥያቄ፦ የስታቲስቲክስ መግቢያ ትምህርት እየተከታተልኩ ነው። በአንድ የቤት ሥራ ላይ የ100 ተማሪዎች ናሙና ተሰጠን፤ የናሙናው አማካይ ውጤት 52 ነው፣ የሁሉም ተማሪዎች ውጤት መደበኛ ልይይት (ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካው) 10 መሆኑ አስቀድሞ ይታወቃል። «የሁሉም ተማሪዎች አማካይ 50 ነው» የሚለውን ባዶ መላምት እንድንፈትሽ ተጠየቅን። እኔም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የ95% መተማመኛ ክልሉ ከ50.04 እስከ 53.96 ነው። ስለዚህ እውነተኛው አማካይ በዚህ ክልል ውስጥ የመሆን ዕድሉ 95% ነው። የፒ ዋጋው 0.046 ስለሆነ ባዶ መላምቱ ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል፤ ልዩነቱም ጉልህ ነው። በ99% ግን ክልሉ 50ን ስለሚጨምር ባዶ መላምቱ እውነት ነው።» መምህሬ ቁጥሮቹን ሁሉ ትክክል ብለው፣ ዓረፍተ ነገሮቹን ግን አንድ በአንድ በቀይ አሰመሩባቸው። ስህተቱ የሒሳብ ነው ወይስ የቋንቋ? በአማርኛስ እንዴት ቢባል ይሻላል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ስሌትዎ እንከን የለውም። መደበኛ ስህተቱ፣ ማለትም የናሙና አማካይ ከናሙና ናሙና ምን ያህል እንደሚለያይ የሚለካው፣ 10 ሲካፈል ለ100 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 1 ነው፤ በ52 ላይ 1.96 መደበኛ ስህተት (ለ95% መተማመኛ የሚወሰደው ብዜት) ሲደመርና ሲቀነስ ያገኙት ክልል ይወጣል። ስህተቱ ያለው ግሦቹ ላይ ነው። ይህን ስል ግን ነገሩን ማቃለሌ አይደለም። በዚህ ትምህርት የመጨረሻው ውጤት የሚቀርበው በቁጥር ሳይሆን በዓረፍተ ነገር ስለሆነ፣ ግሡ ሲስት ሒሳቡም አብሮ ይስታል። መምህርዎ ያሰመሩት ቀይ ልክ ነው።

ስለ ዕድል ከጻፉት ዓረፍተ ነገር እንነሳ። «የመሆን ዕድሉ» ብለዋል። «ዕድሉ» ላይ የተቀጠለችው ድምፅ ባለቤት ታመለክታለችና ዕድሉ የማን ነው? በዓረፍተ ነገሩ አሠራር የአማካዩ ነው። አማካዩ ግን በዚህ ዘዴ ውስጥ ዕድል የሚባል ነገር የለውም። የሁሉም ተማሪዎች አማካይ አንድ የቆመ ቁጥር ነው፤ እኛ አናውቀውም እንጂ እሱ አይዋልልም። ለምሳሌ 51.3 ነው እንበል። የሚንቀሳቀሰው ክልሉ ነው። ሌላ 100 ተማሪ መርጠን የናሙናው አማካይ 50.7 ቢወጣ ክልላችን ከ48.74 እስከ 52.66 ይሆናል፤ 51.3ን ይይዛል። በሌላ ዙር 53.5 ቢወጣ ግን ክልሉ ከ51.54 እስከ 55.46 ይደርሳል፤ 51.3 አመለጠው። አማካዩ ከቦታው ሳይነቃነቅ አንዱ ክልል ያዘው፣ ሌላው ሳተው።

ስለዚህ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ክልሉ፣ ግሡም «መያዝ» ይሁን። «አማካዩ ክልሉ ውስጥ ይወድቃል» ሲባል የሚወድቀው፣ ማለትም የሚንቀሳቀሰው፣ አማካዩ ይመስላል፤ «ክልሉ አማካዩን ይይዛል» ሲባል ግን ሥራው ወደሚገባው ወደ ክልሉ ይዞራል። አማርኛ ባለቤቱን በግሡ ውስጥ ደብቆ መሄድ ስለሚችል፣ ጸሐፊው ራሱ ማን ምን እንደሚሠራ ሳያስተውል ዓረፍተ ነገሩ ያልቃል። በሌላ ጽሑፍ ይህ ውበት ነው፤ እዚህ ግን ባለቤቱን በስሙ መጥራት ይሻላል። «በዚህ ዘዴ ናሙና እየወሰድን ደጋግመን ክልል ብንሠራ፣ ከክልሎቹ 95% ያህሉ እውነተኛውን አማካይ ይይዛሉ» ይበሉ። 95% የተነገረው ስለ ዘዴው ነው። በእጃችን ያለው ክልል፣ ከ50.04 እስከ 53.96 ያለው፣ ወይ ይዞታል ወይ ስቶታል።

እ.ኤ.አ. በ1937 የመተማመኛ ክልልን ንድፈ ሐሳብ በተሟላ መልኩ ያቀረበው ጄርዚ ኔይማን ያስቀመጠው ትርጉም ይኸው ነው፤ ለአንዱ ለተሰላው ክልል ዕድል መስጠትን አልፈቀደም። «መተማመኛ» የሚለው የአማርኛ ቃልም ለዚህ ሐሳብ በጣም የተመቸ ነው። «መተማመኛ ስጠኝ» የሚል ሰው የሚጠይቀው ተማምኖ የሚሄድበትን ዋስትና ነው፤ እዚህም ዋስትናውን የሚሰጠው ዘዴው ነው። «የእርግጠኝነት ክልል» የሚሉ አሉ፤ እርግጠኝነት ስለሌለበት እኔ አልወደውም። «የመተማመኛ ልዩነት» ደግሞ በሁለት አማካዮች መካከል ካለው ልዩነት ጋር ስለሚምታታ ይቅር።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር፦ «ዕድሉ 95% ነው» ብሎ በትክክል መናገር የሚቻልበት መንገድ አለ፤ የቤይዝ ስልት ይባላል። ለዚያ ግን ናሙናውን ከማየትዎ በፊት አማካዩ የት የት ሊሆን እንደሚችል ያለዎትን ግምት በዕድል መልክ አስቀምጠው መነሳት አለብዎት። እርስዎ ያንን አላደረጉም፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን መዋስ አይችሉም።

አሁን ወደ «ተረጋግጧል» እንሂድ። «መላምት» መላ ከመምታት የወጣ ቃል ነው፤ መላ ተመታ ማለት ተገመተ ማለት ነው። የተመታ መላ ይፈተሻል፤ ፍተሻው የሚነግረን ደግሞ ያገኘነው መረጃ ከመላው ጋር ምን ያህል እንደሚሄድ ነው። «የመላምት ማረጋገጫ» የሚለውን ትቼ «የመላምት ፍተሻ» የምለው ለዚህ ነው፤ «ማረጋገጫ» ሲባል ውጤቱ ገና ከርዕሱ የተወሰነ ይመስላል።

የእርስዎ 0.046 ምን ይላል? የናሙናው አማካይ ከ50 በ2 መደበኛ ስህተት ርቋል። የሁሉም አማካይ 50 ነው ብለን ብንነሳ፣ በአንዱም በሌላውም አቅጣጫ ቢያንስ ይህን ያህል የራቀ የናሙና አማካይ የማግኘት ዕድል 0.046 ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሰናከልባት አንዲት ትንሽ ቃል አለች፤ «ኖሮ» ትባላለች። «ባዶ መላምቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ልዩነት የማግኘት ዕድል 0.046 ይሆን ነበር» ተብሎ ሲጻፍ አያለሁ። ለጆሮ ይጥማል፤ ግን «ቢመጣ ኖሮ አገኘው ነበር» ያለ ሰው አለመምጣቱን ነግሮናል። «ቢሆን ኖሮ» ነገሩ እንዳልሆነ አስቀድሞ የሚፈርድ አነጋገር ነው። ፍተሻው ሳያልቅ ባዶ መላምቱን በሰዋስው ውድቅ አደረግነው ማለት ነው! የፒ ዋጋ የሚፈልገው በሩን ክፍት የሚተወውን ቅርጽ ነው፦ «ነው ብለን ብንነሳ»፣ «ነው ብንል»፣ «እውነት ከሆነ»። «ኖሮ» ቦታዋ ሌላ ነው። ለምሳሌ በእርስዎ ጥያቄ መደበኛ ልይይቱ ከናሙናው የተሰላ ቢሆን ኖሮ በ1.96 ፋንታ ከቲ ሰንጠረዥ 1.984ን እንወስድ ነበር። እንዳልተሰላ ስለምናውቅ እዚህ ላይ በትክክል ገብታለች።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ መገለባበጥ አለ። 0.046 «መላምቱ እውነት ከሆነ መረጃው እንዲህ የመውጣት ዕድል» ነው፤ «መረጃው እንዲህ ከወጣ መላምቱ እውነት የመሆን ዕድል» አይደለም። «ከሆነ» ከየትኛው ሐረግ ጋር እንደተያያዘ በማየት ብቻ ይለያሉ። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ፒ ዋጋ ባወጣው መግለጫ ፒ ዋጋ የተፈተሸው መላምት እውነት የመሆኑን ዕድል እንደማይለካ ለይቶ አስቀምጧል፤ ችግሩ የጀማሪዎች ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይረዱ።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ከሁሉም ይበልጥ አሳስቦኛል። በ95% መላምቱን ሐሰት አሉት፣ በ99% ደግሞ እውነት አሉት። ናሙናው አንድ ነው፣ አማካዩም ያው 52 ነው። በአንድ መረጃ አንድ ነገር ሐሰትም እውነትም ሊሆን አይችልም፤ የተለወጠው የእኛ ጥብቅነት ብቻ ነው። የ99% ክልሉ ከ49.42 እስከ 54.58 ስለሚሰፋ 50ን ይይዛል፤ ይህም ማለት በ0.01 የጉልህነት ደረጃ (የፒ ዋጋው ከ0.01 ሲያንስ ብቻ መላምቱን እንጥላለን ብለን ስንወስን) መላምቱን ለመጣል በቂ ማስረጃ አላገኘንም ማለት ነው። «አላገኘንም» እና «የለም» በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ግሦች ናቸው፤ የፈለገ ሰው ያላገኘው ነገር ሁሉ የለም አይባልም። «ልዩነት አልተገኘም» ብሎ መጻፍ ሲገባ «ልዩነት የለም» ተብሎ ሲጻፍ፣ ምናልባት ናሙናው ትንሽ ስለነበር ያልታየውን ልዩነት ጭራሽ እንዳልነበረ አድርገን ለአንባቢ እናስተላልፋለን። ባዶ መላምት የሚለውን ስያሜ ያስተዋወቀው ሮናልድ ፊሸርም እ.ኤ.አ. በ1935 ባዶ መላምት በሙከራ ሊስተባበል ይችል ይሆናል እንጂ ፈጽሞ እንደማይረጋገጥ ጽፏል።

«ውድቅ ሆነ» ወይስ «ውድቅ አደረግን»? ሁለተኛውን እመርጣለሁ። «ውድቅ ሆነ» ሲባል መላምቱ በራሱ ጊዜ የፈረሰ ይመስላል፤ «ውድቅ አደረግን» ግን የእኛ ውሳኔ መሆኑን ይናገራል፣ ውሳኔ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። ኔይማንና ኤገን ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1933 የፍተሻውን ሥርዓት ያዋቀሩት በሁለቱ ስህተቶች ዙሪያ ነው። እውነተኛውን ባዶ መላምት መጣል የአንደኛ ዓይነት ስህተት ነው፤ ሐሰተኛውን ሳይጥሉ ማለፍ የሁለተኛ ዓይነት ነው። 0.05 ብለን የምንመርጠው ደረጃ የመጀመሪያውን ይገድባል፤ ሁለተኛውን ለመቀነስ በአብዛኛው ናሙናውን ማብዛት ያስፈልጋል። እንግዲህ «ተቀበልነው» የሚለውንም በጥንቃቄ ይያዙት፤ «ውድቅ አላደረግነውም» ረዘም ቢልም ከተባለው በላይ አይናገርም።

«ጉልህ» ላይ አጭር ነገር ልበል። በዕለት ተዕለት አማርኛ ጉልህ ነገር ትልቅና ከሩቅ የሚታይ ነው። በዚህ ትምህርት ግን የ10,000 ተማሪዎች ናሙና ወስደን አማካዩ 50.2 ቢወጣ፣ መደበኛ ስህተቱ 0.1 ስለሚሆን ልዩነቱ እንደገና 2 መደበኛ ስህተት፣ የፒ ዋጋውም ያው 0.046 ይሆናል። ሁለት አሥረኛ ነጥብ ማንም ጉልህ አይለውም፤ ፍተሻው ግን ይለዋል። ቃሉ በጥናት ጽሑፎች ሥር ስለሰደደ ይለወጥ አልልም፤ ብቻውን ግን አይቁም። «በ0.05 ደረጃ በስታቲስቲክስ ጉልህ ነው» ይበሉ፤ አጠገቡም የልዩነቱን መጠን ያስፍሩ። «በ95%» እና «በ99%» የሚሉትንም እንዲሁ ያለ ስም አይተዋቸው፤ «በ95% መተማመኛ» ይባል።

ይህን ሁሉ ይዘን የእርስዎን አንቀጽ እንደገና ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«የናሙናው አማካይ ከ50 በ2 ነጥብ ይበልጣል። የ95% መተማመኛ ክልሉ ከ50.04 እስከ 53.96 ነው፤ ክልሉ የተሠራበት ዘዴ ቢደጋገም ከክልሎቹ 95% ያህሉ የሁሉንም ተማሪዎች አማካይ ይይዛሉ። የሁሉም አማካይ 50 ነው ብለን ብንነሳ፣ ቢያንስ ይህን ያህል ከ50 የራቀ የናሙና አማካይ የማግኘት ዕድል 0.046 ገደማ ስለሆነ፣ በ0.05 የጉልህነት ደረጃ ባዶ መላምቱን ውድቅ አድርገናል። ደረጃው 0.01 ቢሆን ግን ውድቅ ለማድረግ በቂ ማስረጃ የለንም፤ የ99% መተማመኛ ክልሉ ከ49.42 እስከ 54.58 ሲሆን 50ን ይጨምራል።»

በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ማስረጃ የለንም» እንጂ «ልዩነት የለም» እንዳላልኩ ያስተውሉ። ሁለቱን ደረጃዎች ጎን ለጎን ያስቀመጥኩትም ጥያቄዎ ሁለቱንም ስላነሳ ብቻ ነው፤ በራስዎ ጥናት ግን ደረጃውን መረጃውን ከማየትዎ በፊት መርጠው በዚያው ይጽኑ።