ፕራይመር ቢቀየር ምን ችግር አለው?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ ነዋሪነቴ በአሜሪካ ቨርጂንያ ሲሆን ለዒላማ ልምምድ የተተኮሰ የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ጥይት ቀለህ በቤቴ መልሼ እሞላለሁ። የለመድኩት መደበኛ ፕራይመር (በቀለሁ ግርጌ ተተክሎ፣ የሽጉጡ መርፌ ሲመታው ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ ክፍል) ከገበያ ስለጠፋ ሻጩ ማግነም የተባለውን እንድወስድ መከረኝ። የባሩዱን መጠን ሳልለውጥ ልጠቀምበት እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ማግነም ፕራይመር ባሩዱን በበለጠ ኃይል ስለሚለኩሰው፣ ለመደበኛው የተለካው መጠን በቀለሁ ውስጥ ያለውን ግፊት ከሚገባው በላይ ሊያደርሰው ይችላል። የባሩዱ አምራች ለዚሁ ፕራይመር ያሳተመው መመሪያ ካለ ከዝቅተኛው መጠን ይጀምሩ፤ ከሌለ ግን የለመዱት እስኪገኝ ድረስ ቢታገሡ እመርጣለሁ።

ትንሹ የጠመንጃ ፕራይመርም እንደ ትንሹ የሽጉጥ ፕራይመር 4.45 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ስላለው በቦታው ይገባል፤ ይሁን እንጂ ቆቡ ወፍራም በመሆኑ የሽጉጡ መርፌ መትቶት ላይተኩስ ይችላል። መግባቱ ብቻ ለመስማማቱ ማረጋገጫ አይሆንም። (በ.45 ካሊበር ሽጉጥ የሚተኩሱ አንባቢዎችም ቀለሃቸውን ይለዩ፤ አብዛኛው ትልቁን፣ አንዳንዱ ትንሹን ፕራይመር ይቀበላል።)

የተተከለው ፕራይመር ከቀለሁ ግርጌ ጥቂት ዝቅ ማለቱን በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ፤ በሥራው ጊዜ ሁሉ የዓይን መከላከያ መነጽር አይለይዎት። ከሁሉም በላይ የምለምንዎ፣ ፕራይመሮቹን ከፋብሪካ ማሸጊያቸው አውጥተው በጠርሙስ ወይም በቆርቆሮ እንዳያጠራቅሙ ነው፤ አንዱ ቢፈነዳ የቀሩትን በአንድ ጊዜ ያስነሣቸዋልና።